ባለቤትነትዎን ያረጋግጡ

ሐይቅ፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጸዳለ፣

ሰላም ባለሽበት ይክበብሽ። የወጣሽበትን በር አላህ የመመለሻሽም ያድርገው። እኔም፣ ወንድሜ ሙነወርም፣ ሚስቱና ልጆቹም ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። የዘንድሮ ውርጭ ከሐይቁ እየተነሣ ጥርሳችንን ቢያንቀጫቅጨውም፣ ጥርሱ ስላለን አናማርርም።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እወቂልኝ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ብቻዬን ነው። ሙነወር ባጃጁን ይዞ ወጥቷል፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው፣ በሩን ዘግቻለሁ። ካቻምና ከሪያድ የላክሽልኝ ላፕቶፕ እያንዳንዱን ፊደል ስነካ በጆሮዬ ይጠራልኛል፤ ስሳሳት ይነግረኛል፤ ስጨርስ ከላይ እስከ ታች ያነብልኛል። ድምፁ ጉንፋን የያዘው ሰው ድምፅ ነው፤ ስምሽን ሲጠራ ሊያስነጥስ የደረሰ ይመስላል። ግን ያልኩትን ነው የሚለው። ዓይን ላለው ሰው ይህ ብዙም ላይመስለው ይችላል። እኔ ከአንደኛ ክፍል እስከ ዩኒቨርሲቲ ሰው እያነበበልኝ፣ ሰው እየጻፈልኝ ነው የተማርኩት። አንዱ ሲደክመው ይዘላል፣ ሌላው ያሳመረልኝ መስሎት ይጨምራል። ፈተና ላይ ሳይቀር ጸሐፊዬ «ይሄ መልስ ትክክል አይመስለኝም» ብሎ ይከራከረኝ ነበር። አሁን ከማንም ጋር አልከራከርም።

ሥራም አገኘሁ። ውጫሌ ውስጥ አቅም ለሌለው ሰው ነጻ የሕግ ምክር የሚሰጥ ቢሮ እስከ መስከረም መጨረሻ ለሙከራ ቀጥሮኛል። ባለጉዳይ ይነግረኛል፣ እኔ አቤቱታውን እጽፋለሁ። ከተስማማኋቸው ቋሚ ያደርጉኛል። ባለፈው አንዲት እናት «ይኸ ልጅ ሳያይ ምኑን ይጥፍልኛል?» ብለው አጉረመረሙ። ጽፌ ስጨርስ ላፕቶፑ ጮክ ብሎ አነበበላቸው። «ወይ ጉድ! ቃሌን ከነትንፋሴ ወሰደው፤ ይኸማ ጅኒ ነው» ብለው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ሰው ወረፋ ይዞ «ጅኒው ጋ ነው የምገባው» ይላል።

አሁን የምነግርሽን ለማንም አልተናገርኩትም። መዝገብ ቤት የምትሠራ ሰሚሃ የምትባል ልጅ አለች። ሰው ሁሉ እጅጌዬን ይዞ ሲጎትተኝ፣ እሷ «ደረጃ አለ» ትልና ትጠብቀኛለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ዕውር ቢሸፍት ከጓሮ አያልፍ እንዲሉ፣ የእኔም ሽፍትነት እስካሁን ከልቤ አላለፈም። ቋሚ ስሆን ሽማግሌ እልካለሁ። ለሙነወር እንዳትነግሪ፤ እሱ ከሰማ ሐይቅ ከተማ በሙሉ በባጃጅ ይሰማል።

አንቺስ እንዴት ነሽ? ደላላው ስምሽን ቀይሮ፣ ዕድሜሽን ጨምሮ ፓስፖርት ካወጣልሽ ወዲህ «ዋሲላ» ሲሉሽ ዞር ማለት ለመድሽ? ሸሃዳ ሳትይዢ ዋሲላ የሆንሽ አንቺ ብቻ ነሽ። ቅድመ አያቶቻችን የአንድ እናት ልጆች ሆነው አንዱ አምባሰል ላይ ከታቦቱ ጋር፣ ሌላው ሐይቅ ላይ ከመስጊዱ ጋር ቀሩ፤ አንቺ ሁለቱንም በአንድ ሻንጣ ይዘሽ ሄድሽ።

ገንዘብ አትላኪ። ደብዳቤ ላኪ። የእነሱ ጸሎትም ዱዓም አይለይሽ።

ወንድምሽ ዑበይዱላህ

&nbsp;

ሪያድ፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድምጋሼ ለዑበይዱላህ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ሥራው፣ መንገዱ፣ ሚኒባሱ እንዴት ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። እመብርሃን ከፊትህ ትቅደም፤ የአንተንም ነቢይ አብራ ትለምንልኝ።

ደብዳቤህን መታጠቢያ ቤት ገብቼ ሳነብ ስቄ ስቄ አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች በሩን ደበደቡት። «ጅኒው ጋ ነው የምገባው»! ያንን ላፕቶፕ የገዛሁ ቀን ሻጩ «በማን ስም ልክፈተው?» ሲለኝ ደንግጬ «በዋሲላ» አልኩት፤ ስልክ ቁጥሬንም ሰጠሁት። ለአንተ እንደሆነ እንኳ አልነገርኩትም። አሁን ውጫሌ ላይ አቤቱታ ይጽፍበታል ብል ማን ያምነኛል?

ስለነገርከኝ ነገር አፌ ተለጉሟል። ግን ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። ቶሎ በል እንጂ። ሽማግሌ ሆነህ ሽማግሌ ልትልክ ነው?

ቀደም ሲል ድምፅ ቅጂና ላኪ ብለኸኝ ነበር፤ አልችልም፣ አንተም አትላክልኝ። እዚህ ስምንት ሆነን በአንድ ክፍል ነው የምንተኛው፤ የአንዷ ድምፅ የሁሉም ነው። ጽሑፍ ግን ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ አነበዋለሁ። አዎ፣ ቤት ቀይሬያለሁ። ቁጥሬም ተቀይሯል፤ ይሄኛውን ያዝ። ሥራው የቀን ነው፣ ዛሬ አንዱ ቤት ነገ ሌላው። ነጻ ነኝ ማለት ይቻላል።

እናቴን ካገኘሃት እንደወፈርኩ ንገራት።

እህትህ ጸዳለ

&nbsp;

ሐይቅ፣ ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጸዳለ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። አረፋን በሰላም ውለናል። ይህን ደብዳቤ እኔ እናገራለሁ፣ ሙነወር ይጽፋል፤ ከዚያ ወረቀቱን በስልኩ አንሥቶ ይልክልሻል። ፊደሉ የዶሮ ጭረት ከመሰለሽ በእሱ ፍረጂ። (ሙነወር ነኝ፦ ፊደሌ ደህና ነው። እሱ አይቶት አያውቅም።)

የላፕቶፑ አንዳንድ ቁልፎች መነቀል ጀምረው ነበር። ሙነወር ለአረፋ ሊያስደስተኝ ብሎ ሳይነግረኝ ደሴ ይዞት ሄደ። ሱሩር የሚባል ጠጋኝ ከሌላ የሞተ ላፕቶፕ ኪቦርዱን ከነሥሩ ነቅሎ ገጠመለት፣ አጸዳው፣ ወለወለው። ከሶላት ስንመለስ ሙነወር ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። ቁልፎቹ እንደ አዲስ በቆሎ ፍሬ የተደረደሩ ነበሩ። እጄን አሳልፌ መረቅኩት። ከዚያ ከፈትኩት።

አልተናገረም። ጠበቅኩ፣ አልተናገረም። ሙነወርን «ምን ይላል?» ብለው «እንግሊዝኛ ነው» አለኝ። በማግሥቱ ቢሮ ወስጄ መዝገብ ቤት የምትሠራው ልጅ ተረጎመችልኝ። «የማይታወቅ አካል ተገጥሟል። ባለቤትነትዎን ያረጋግጡ» ይላል። ለማረጋገጥ ኮድ የሚልከው በመጀመሪያው ባለቤት ስልክ ነው፤ በአንቺ በድሮው ቁጥር። ይህ ገጽ የሚመጣው የሚያነብልኝ ፕሮግራም ከመነሣቱ በፊት ስለሆነ እኔ ምን እንደምጠየቅ እንኳ አልሰማም። የድሮውን ኪቦርድ መልሰው ቢገጥሙትም እንቢ አለ። አንዴ ጠርጥሯል።

(ሙነወር ነኝ፦ ባጃጄ ላይ የሦስት ባጃጅ ዕቃ አለ። አንድም ቀን «ማነህ?» ብላኝ አታውቅም።)

ጸዳለ፣ ቁጥሩ እጅሽ ላይ ካለ ኮዱ ሲመጣልሽ ብቻ ላኪልን። እስከ መስከረም መጨረሻ ጊዜ አለ፤ አትጨነቂ። ሌላ የምጽፈው የለኝም። ያለኝን ደግሞ ሌላ ጊዜ።

ወንድምሽ ዑበይዱላህ

&nbsp;

ሪያድ፣ ሐምሌ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድምጋሼ፣

እንዴት ሰነበትክ? ቤቱ ሁሉ እንዴት ነው? እንደምታየው ዘገየሁ። ሥራ በዛብኝ፣ ሙቀቱም አቅም ነሳኝ። ሙነወር፣ ይህን የምታነበው አንተ ነህና አንተም እንዴት ነህ? ፊደልህ ቆንጆ ነው።

ቁጥሩ አሁን እጄ ላይ የለም። ግን አልጠፋም። ደወልኩበት፣ ይጠራል። አንሥተው ዝም አሉኝ፤ እኔም ደንግጬ ዘጋሁት። በሚቀጥለው ሳምንት ስልክ ሱቅ ሄጄ ቁጥሩን ያወጡልኝ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ካልተመቸኝ ደግሞ በዚያኛው ሳምንት።

ያ የነገርከኝ ጉዳይስ ከምን ደረሰ? ስሙን አልጠራም። ብቻ ንገረኝ፤ እዚህ ሌላ የምስቅበት ነገር የለኝም።

እናቴ ለፍልሰታ ጾም የሚሆን ነገር ላኪልኝ ብላ ነበር። በዚህ ወር አልሆነልኝም፤ ታማለች ብላችሁ እንዳትነግሯት፣ ሥራ በዝቶባታል በሏት።

እህትህ ጸዳለ

&nbsp;

ሐይቅ፣ ነሐሴ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጸዳለ፣

ክረምቱ እዚህ በርትቷል፤ ሐይቁ ሞልቶ ቆሮሶ ዓሣ አስጋሪዎቹ ጀልባቸውን ወደ ማሳው ጠርዝ አውጥተዋል። እናትሽን ውጫሌ ገበያ አግኝቼ ወፍራለች አልኳት። «አንተ በየት በኩል አይተህ?» አለችኝ። ሳቀች ግን።

ሙነወር ደብዳቤሽን ሲያነብልኝ «የቱ ጉዳይ ነው?» ብሎ ያዘኝ። «የሥራው» አልኩት። አሁንም እየጻፈ ነው፤ አንቺም የሥራው ነው ብለሽ ያዢልኝ። (ሙነወር ነኝ፦ ሌላ ጉዳይ አለ ማለት ነው።)

እኔ ራሴ ደሴ ሄጄ ሱሩርን አነጋገርኩት። ቅን ሰው ነው፤ ሳንቲም አልተቀበለኝም። «ወንድሜ፣» አለኝ፣ «ዲስኩን ላጥፋልህ ብል መቆለፊያው ዲስኩ ላይ አይደለም። ቦርዱ ላይ የተበየደች ቺፕ አለች፤ ማን እንደከፈተው፣ ምን ዕቃ እንዳለው መዝግባ የያዘችው እሷ ናት። ብነቅላት ቦርዱ ይሞታል፣ ብተዋት አታስገባህም።» «ዕቃው የእኔ አይደለም እንዴ?» አልኩት። «ዕቃውማ የአንተ ነው፤ እሷ ግን የአንተ አይደለችም» አለኝ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። ታቅፌው በሚኒባስ ተመለስኩ።

የቢሮው ኮምፒውተርስ ትይኛለሽ። አማርኛ የሚያነብልኝን ፕሮግራም ልጫንበት ብል ከላይ ካልተፈቀደ ምንም አይጫንም አሉ። ወደ ላይ ጻፍን። ለደኅንነት ሲባል አይፈቀድም የሚል መልስ መጣ። የማን ደኅንነት እንደሆነ አልተጻፈም። ሌላ ላፕቶፕ መግዛት ደግሞ ከእኔም ከሙነወርም አቅም በላይ ነው፤ አንቺም እንዳታስቢው።

አሁን እኔ ቆሜ እናገራለሁ፣ የመዝገብ ቤቷ ልጅ ሥራዋን ትታ ትጽፍልኛለች። ኃላፊው ትናንት «ለአንድ ወንበር ሁለት ሰው» አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የቆጠረውን ተናገረ። መስከረም ሲያልቅ ላፕቶፑ ካልተከፈተ እኔም እወጣለሁ።

ጸዳለ፣ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። የሚቻል ከሆነ ይቻላል በይኝ። የማይቻል ከሆነም አይቻልም በይኝ። «በሚቀጥለው ሳምንት» ግን አትበይኝ።

ወንድምሽ ዑበይዱላህ

&nbsp;

ሪያድ፣ መስከረም 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድምጋሼ ለዑበይዱላህ፣

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረህ። አደዩ አምባሰል ላይ ፈክቶ ይሆናል።

ቁርጡን ንገሪኝ አልክ። እሺ። ስልክ ሱቅ ሄድኩ። የዋሲላን መታወቂያ አምጪ፣ አሻራም ስጪ ይላሉ። የዋሲላ መታወቂያና ፓስፖርት፣ ስልኩም ራሱ፣ ማዳም ቤት መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። ከዚያ ቤት የካቲት ላይ ሳልሰናበት ነው የወጣሁት። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሰፈር አልፌ አላውቅም፤ አውቶቡስ እንኳ በዚያ በኩል የሚያልፈውን አልሳፈርም።

እንደገና ደወልኩ። የማዳም ትልቋ ልጅ አነሣች። «ዋሲላ፣ የት ጠፋሽ? ነይና ዕቃሽን ውሰጂ፣ ማንም ምንም አይልሽም» አለችኝ። ድምፅዋ ጥሩ ነበር። እዚያ ቤት ሦስት ዓመት ስኖር እንደዚያ ጥሩ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም።

አብራኝ የምትኖር ፈዲላ የምትባል የከሚሴ ልጅ አለች፤ እንዳትሄጂ ትለኛለች። እኔ ግን አንተን ሳስብ እንቅልፍ የለኝም። ያን ዕቃ በራሴ ስም፣ በራሴ ቁጥር ያስቆለፍኩብህ እኔ ነኝ። አንተ የሕግ ሰው ነህ፣ እንደኔ ያሉ ልጆች ቢሮህ ይመጣሉ። ሂጂ ካልከኝ እሄዳለሁ። ተዪ ካልከኝ እተዋለሁ። ከቃልህ አልወጣም፤ ብቻ ቶሎ መልስልኝ።

እህትህ ጸዳለ

&nbsp;

ሐይቅ፣ መስከረም 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጸዳለ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ ደርሶናል። ሁላችንም ደህና ነን።

ሰው ቤት ሦስት ዓመት እንጀራ በልቶ ሳይመረቁ መውጣት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። እነሱም ቅር ብሏቸው ይሆናል፤ ቅር ያለው ሰው ዕቃ ይይዛል። ሂጂና ይቅርታ ጠይቂ። ባዶ እጅሽን አትሂጂ፣ ቴምርም ቢሆን ያዢ። የእናትየዋን ጉልበት ሳሚ። ትልቅ ሰው ጉልበቱ ከተሳመ አይጨክንም። ይመርቁሽና ዕቃሽን ይሰጡሻል፤ ኮዱ ያን ጊዜ ይመጣል። መስከረም ሳያልቅ ቢሆን መልካም ነው። አይዞሽ፣ ሂጂ።

ወንድምሽ ዑበይዱላህ

&nbsp;

ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድምጋሼ ለዑበይዱላህ፣

ጤናህን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ። ይህን የምጽፈው ከብስኩት ካርቶን በቀደድኩት ወረቀት ላይ ነው። ፈዲላ ምግብ ስታመጣ በአንዲት ሴት ጠባቂ በኩል ይወጣላታል፤ በስልኳ አንሥታ ለሙነወር ትልክልሃለች። ያለሁበት ቦታ ወረቀት የሌላቸውን ሴቶች የሚሰበስቡበት ነው። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

እንዳልከኝ አደረግኩ። ቴምር ገዛሁ፣ የተሻለውን። ልጅቱ በሩን ከፈተችልኝ፣ ሳሎን አስቀመጠችኝ። እዚያ ሳሎን ለመጥረግ እንጂ ለመቀመጥ ገብቼ አላውቅም። ማዳም ስትመጣ ተነሥቼ ጉልበቷን ልስም ጎንበስ አልኩ፤ ምን እንደማደርግ አልገባትም፣ ጮኸች፣ እግሯን ሰበሰበች። ልጅቱ አረጋጋቻትና ሻይ አመጣችልኝ። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ቻርጅ አድርገውት ነበር። እጄን ዘርግቼ ልወስደው ስል ልጅቱ «ሻይሽን ጨርሺ» አለችኝ። ሳልጨርሰው ፖሊስ መጣ።

በአንተ ላይ ቅሬታ የለኝም። አስበህ ነው የመከርከኝ። እኔም ልቤ ሂጂ ብሎኝ ነበር።

እዚህ ስሜን ሲጠይቁኝ ጸዳለ አልኩ። አሻራዬ ዋሲላ ነው የሚላቸው። ዋሸች ብለው ጻፉብኝ። ለመመለስ የዋሲላ ፓስፖርት ያስፈልጋል፤ ማዳም ደግሞ አላየሁትም ብላለች። ስለዚህ መቆየትም መሄድም አልችልም። እዚህ ዓመት የሞላት የራያ ልጅ አለች፤ እሷም ስሟ ሌላ ነው። ደረቴን ያመኛል፣ ግን ሁላችንንም ያመናል።

ላፕቶፑስ እንዴት ሆነ? ሳልጠይቅህ አልጨርስም። ስልኩን በዓይኔ አየሁት እኮ፤ ያን ያህል ቀርቤው ነበር።

ሰሚሃን ንገራት። ቋሚ እስክትሆን አትጠብቅ፣ ሽማግሌም አትጠብቅ፤ እወድሻለሁ በላት፣ ሌላው ይቅር። ይህን ሙነወር ቢያነበውም ግድ የለኝም።

ፈዲላ ሐሙስ ሐሙስ ትመጣለች። ካላስቸገረህ ጻፍልኝ። ለእናቴ ምንም አትበላት።

እህትህ ጸዳለ

&nbsp;

ውጫሌ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጸዳለ፣

አላህ ካለሽበት ያውጣሽ። ሌላ ሰላምታ አልመጣልኝም።

ይህን የምትጽፍልኝ ሰሚሃ ናት። ሙነወር ደብዳቤሽ በስልኩ ከገባ በኋላ ብዙ ቀን ደብቆኝ ቆየ። ራት ላይ ልጆቹን ይቆጣል። ኋላ ወረቀት ላይ አሳትሞ በእጄ አስያዘኝና «ሌላ ሰው ያንብብልህ» ብሎኝ ወጣ። ይዤው ውጫሌ መጣሁ። ከሰሚሃ ሌላ የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም።

«እንዳልከኝ አደረግኩ» የሚለው ላይ ስትደርስ አስቆምኳት። ደግማ አነበበችልኝ።

ጸዳለ፣ እኔ ሂጂ አላልኩሽም። «ሳልሰናበት ወጣሁ» የሚለውን ስሰማ ወዲያው ገብቶኛል፤ በዚህ ቢሮ በር የገቡ ተመላሾች ሁሉ ማምለጣቸውን በዚሁ ቃል ነው የሚጀምሩት። የተናገርኩት ይህን ነው፦ «ተዪው። ወደዚያ ቤት እንዳትጠጊ፣ ሁለተኛም እንዳትደውዪ። ላፕቶፑ ገደል ይግባ። እኔ ሥራ ባጣ ሐይቅ ላይ ነኝ፣ ወገን መሃል ነኝ፤ አንቺ ከተያዝሽ የሚደርስልሽ የለም።» ቃል በቃል ይኸው ነው። የሙነወር እስክሪብቶ ወረቀቱን ሲጭር ሰምቻለሁ፤ እኔ ስናገር እየጻፈ ነበር። ሲጨርስ አንብብልኝ አልኩት፤ ያልኩትን አነበበልኝ።

አልረገምኩትም። ላፕቶፑን ያስቆለፈው እሱ ስለሆነ ሊያስከፍተው ፈልጎ ነው። «ሳልሰናበት» ማለት ለእሱ ሳይመረቁ መውጣት ነው፣ ሌላ ትርጉም አያውቅለትም። ክፉ አልጻፈልሽም፤ የእኔና የእሱ እናት ያስተማረችንን ነው የጻፈልሽ። ግን አንነጋገርም። ጠዋት እጄን ይዞ ሚኒባስ ያሳፍረኛል፣ ማታ ይቀበለኛል፣ በመሃል ቃል የለም።

እዚህ የሚቻለውን ጠየቅኩ። ቀበሌው ጸዳለ የምትባል ልጅ አምባሰል ተወልዳ ማደጓን ይመሰክራል። እነሱ ግን የያዙት ዋሲላን ነው። ዋሲላ የምትባል ሰው የትም አልተወለደችም፣ የሚመሰክርላት ቀበሌ የለም። ተስፋ ልሰጥሽ ብዬ ብዙ ቃል ፈለግሁ። የለኝም። ወረቀት ባይኖርሽ ኖሮ ይሻል ነበር፤ አንቺን ያሰረሽ ያለው ወረቀት ነው።

ሥራው መስከረም ሲያልቅ አበቃ። በወንበሬ የተቀመጠው ልጅ ቸር ነው፣ ስመጣ ይነሣልኛል። ላፕቶፑ ቤት ነው። አንዳንዴ እከፍተዋለሁ። ይሞቃል፤ አይናገርም።

ደብዳቤሽን ስታነብልኝ መጨረሻው አካባቢ ሰሚሃ ዝም አለች። ከዚያ «ፈዲላ ሐሙስ ሐሙስ ትመጣለች» ከሚለው ቀጠለች። ምን እንደዘለለች አልጠየቅኳትም። አሁንም ይህን ስናገር አጠገቤ ናት።

ከእንግዲህ በስሜ የሚደርስሽን ምክር አትስሚ፤ ሂጂም ቢልሽ፣ ቁጭ በይም ቢልሽ። ፈዲላን ስሚ፣ እሷ ታይሻለች።

ይህን ደብዳቤ እንድታነብልኝ ሰሚሃን ደጋግሜ ለመንኳት። ደጋግማ አነበበችልኝ። ያነበበችው ያልኩትን ነው። የጻፈችውን ግን አላውቅም።

ወንድምሽ ዑበይዱላህ